መመረጥ ብቻውን አይበቃም

ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ አስረጂ ድርሰት ነው። አስረጂ ድርሰት የአንድን ጉዳይ ምንነት፣ መንስኤና ውጤት እየተነተነ ለአንባቢ ግልጽ የሚያደርግ የድርሰት ዓይነት ነው። ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት ይህን ጥያቄ አስቡበት፦ በትምህርቱ ብርቱ የነበረ ተማሪ ትምህርቱን አቋርጦ ሲመለስ አይታችሁ ታውቃላችሁን? ምክንያቱስ ምን ነበር?

ሐረርን የሚያውቅ ሁሉ ሸዋ በርን ያውቃል። ሸዋ በር፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው የጀጎል ግንብ ካሉት አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው። ሐረሪዎች «አስመዲን በሪ» ይሉታል፤ አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ወደ ሸዋ አቅጣጫ የሚያወጣ በር በመሆኑ ሸዋ በር ብሎታል። በበሩ አካባቢ ገበያ አለ። ከገጠር የመጣው አትክልትና ከከተማ የመጣው ሸቀጥ፣ እንዲሁም ኦሮምኛው፣ ሐረሪኛው፣ አማርኛውና ሶማልኛው በዚያ ይገናኛሉ።

በዚህ ገበያ ከእናቷ ጋር ጉልት የምትውል አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አለች ብለን እናስብ። ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሰች ደብተሯን አስቀምጣ ከሽንኩርቱና ከድንቹ አጠገብ ትቀመጣለች። አንዲት ደንበኛ ሁለት ኪሎ ተኩል ድንችና ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ገዝታ፣ ያለፈው ሳምንት ዱቤ ተጨምሮበት፣ ከአምስት መቶ ብር ስንት እንደሚመለስላት ስትጠይቅ፣ ልጅቷ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ ወዲያው ትነግራታለች። ገዢዋ በኦሮምኛ ብትጠይቅ በኦሮምኛ፣ በሐረሪኛ ብትጠይቅ በሐረሪኛ ትመልስላታለች። በክፍል ውስጥም «መልሱ ስንት ነው?» ከማለት ይልቅ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላ መጠየቅ ትወዳለች። የሆነ ሆኖ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ከክፍሏ ዐሥራ አንደኛ ወጣች። የቤት ሥራዋን የምትሠራው ገበያው ከተበተነና ድካም ከተጫጫናት በኋላ ነውና።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ «ይህች ልጅ ልዩ ተሰጥኦ እንዳላት ማን ያውቅላታል?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ታውቆላት ለልዩ ትምህርት ብትመረጥስ፣ በተመረጠችበት ስፍራ ጸንታ ትቆያለች ወይ?» የሚል ነው። ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ይነገራል። ሁለተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዘነጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለቱን ጥያቄዎች ዝምድና ማስረዳት፣ በተለይም ሁለተኛው ሊዘነጋ የማይገባበትን ምክንያት ማሳየት ነው።

በቅድሚያ «ልዩ ተሰጥኦ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ልዩ ተሰጥኦ ያለው ተማሪ ከእኩዮቹ ይልቅ ፈጥኖ የሚረዳ፣ በማይመሳሰሉ ነገሮች መካከል ያለውን ግንኙነት የሚያስተውል፣ አስቸጋሪ ጥያቄ ሲገጥመውም እስኪፈታው ድረስ የማይተው ተማሪ ነው። ተሰጥኦው በሒሳብ፣ በቋንቋ፣ በሥዕል፣ በሙዚቃ ወይም በእጅ ሥራ ሊገለጥ ይችላል። ከክፍል አንደኛ መውጣት የተሰጥኦ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ደረጃና ተሰጥኦ አንድ አይደሉም። ደረጃ ከተማሪው አእምሮ ሌላ የቤቱን መብራት፣ የመጻሕፍቱን ብዛት፣ የማጥኛ ጊዜውንና የመምህሩን ችሎታ ጭምር ይለካል።

ለዚህ አባባል ከሀገራችን ማስረጃ መጥቀስ ይቻላል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ይኸው ቁጥር 8.4 በመቶ ደረሰ። ታዲያ በ2014 ዓ.ም. ያላለፉት ሁሉ ተሰጥኦ ስላልነበራቸው ነውን? በሦስት ዓመት ውስጥስ የልጆቹ ተፈጥሮ ተለወጠን? አይደለም። ፈተና ተማሪው ያገኘውን ትምህርት ይለካል እንጂ፣ ያላገኘውን ቢያገኝ ኖሮ ምን ሊሠራ ይችል እንደ ነበር አይናገርም።

ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች ከየስፍራው መርጦ ማስተማር ለሀገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 በአዲስ አበባ የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛቶች የተመረጡ ተማሪዎችን በአዳሪነት ተቀብሎ ያስተምር ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የተቋቋመው የበዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ጥሩ ውጤት ያመጡ ተማሪዎችን ሰብስቦ 12ኛ ክፍልን በዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲማሩ ያደርግ ነበር። በቅርብ ዓመታትም በደሴ፣ በአዳማና በሌሎች ከተሞች ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተከፍተው በፈተና የላቁ ተማሪዎችን ይቀበላሉ። የእነዚህ ትምህርት ቤቶች አሠራር አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል። ይኸውም የተመረጠ ልጅ ከመምህርና ከመጽሐፍ ሌላ ማደሪያ፣ ምግብና አብሮት የሚያጠና ጓደኛ የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። በአንጻሩ ግን በቀድሞው ዘመን ከተመረጡት የሚበዙት ወንዶች ነበሩ፤ ከመንገድ ርቆ በሚገኝ ቀበሌ የሚኖረውም ልጅ ወንፊቱ ዘንድ ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነበር።

አንድ ባለተሰጥኦ ቢቀር ሀገር ምን ያጣል? ከሐረር በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በጅግጅጋ የተወለዱትን ዶክተር አክሊሉ ለማን እናስታውስ። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ምርምር ሲያደርጉ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ብልሃርዝያ የተባለው በሽታ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ አማካይነት በመሆኑ፣ እንዶድ በሽታውን ለመከላከል እንደሚያገለግል ተገነዘቡ። ለዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እንዶድን እናቶቻችን ሁሉ ያውቁት ነበር፤ የሞቱት ቀንድ አውጣዎችም በዚያው ነበሩ። የጎደለው ሁለቱን አገናኝቶ የሚያይና እስኪያረጋግጥ ድረስ የሚጸና አእምሮ ነበር። ያ አእምሮ ትምህርት ባያገኝ ኖሮ ምን እንደሚቀር አስቡ።

ይህ ጉዳይ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የጥቁር ተማሪዎች ሁኔታ ለረጅም ዓመታት ሲጠና ስለ ቆየ፣ ከዚያ ልንማረው የምንችለው አያሌ ነገር አለ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጥቁሮች በተፈጥሯቸው ያነሰ አእምሮ አላቸው የሚሉ ምሁራን በዚያ ሀገር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1935 ጥቁር አሜሪካዊው ማርቲን ጄንኪንስና መምህራቸው ፖል ዊቲ፣ በቺካጎ ስለምትኖር አንዲት የዘጠኝ ዓመት ጥቁር ልጅ የጻፉትን ጥናት አሳተሙ። የብዙኃኑ አማካይ ውጤት 100 በሆነበት የአእምሮ ፈተና ይህች ልጅ 200 አግኝታ ነበር። በመሆኑም ጥያቄው ተሰጥኦው አለ ወይስ የለም የሚል አልነበረም። ጥያቄው የሚፈልገው ሰው አለ ወይስ የለም የሚል ነበር።

ይህ ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2017/18 የትምህርት ዘመን በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከመቶ ተማሪዎች 15 ያህሉ ጥቁሮች ሲሆኑ፣ በልዩ ተሰጥኦ ፕሮግራም ውስጥ ግን ከመቶ 8 ያህሉ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ ተመሳሳይ የፈተና ውጤት ካላቸው አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ተማሪ መካከል፣ የጥቁሩ የመመረጥ ዕድል የነጩን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ጥቁር መምህር ባለበት ክፍል ይህ ልዩነት፣ በተለይ በንባብ ትምህርት፣ በእጅጉ ይጠብባል። ከዚህ የምንረዳው ወንፊቱን የሚይዘው ሰው ዐይን ትልቅ ድርሻ ያለው መሆኑን ነው። መምህር ሊያይ ያልጠበቀውን ተሰጥኦ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል።

ወንፊቱን ማስተካከል ግን ይቻላል። በፍሎሪዳ ግዛት ብሮዋርድ በተባለ የትምህርት ወረዳ፣ ቀድሞ ለልዩ ተሰጥኦ የሚፈተነው ወላጁ ወይም መምህሩ የጠቆመው ልጅ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ እንዲፈተኑ ሲደረግ፣ የሚመረጡት ጥቁር ተማሪዎች ቁጥር በ80 በመቶ ያህል ጨመረ። እነዚህ ልጆች ቀድሞም ነበሩ፤ የጠቆማቸው ሰው ግን አልነበረም። ኋላ በበጀት እጥረት ምክንያት አሠራሩ ሲቀር፣ የተመራጮቹ ቁጥር ወደ ነበረበት ተመለሰ።

እስካሁን የተመለከትነው የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ ማለትም መመረጥን ነው። አሁን ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ስለ ጥቁር ተማሪዎች ልዩ ተሰጥኦ ብዙ የጻፉት አሜሪካዊት ምሁር ዶና ፎርድ፣ ልጆቹን መልምሎ ማስገባት የሥራው ግማሽ መሆኑን፣ የቀረው ግማሽ ደግሞ እንዲቆዩ ማድረግ መሆኑን ደጋግመው ያስገነዝባሉ። ብርቱ ተማሪ ከተመረጠበት ክፍል የሚወጣው ትምህርቱ ስለ ከበደው ብቻ አይደለም። በክፍሉ ውስጥ እርሱን የሚመስል ሌላ ተማሪ ሳይኖር ሲቀር ባይተዋር ይሆናል። አንድ ስሕተት ቢሠራ የወገኑ ሁሉ ስሕተት ሆኖ የሚቆጠርበት ይመስለዋል። ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ደግሞ የቀድሞ ጓደኞቹ «ከእኛ ተለየህ» ይሉታል። ሲግኒቲያ ፎርድሃምና ናይጄሪያ ተወላጁ ጆን ኦግቡ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አንዳንድ ጥቁር ተማሪዎች «ነጭ መሰልክ» እንዳይባሉ ጉብዝናቸውን ይደብቁ እንደ ነበር ገልጸዋል። በሁለት ወገን የተገፋ ልጅ መቆሚያ ያጣል።

ከዚህ በላይ ለጉዳያችን የሚጠቅመው በበርክሌይ በሚገኘው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ጥናት ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዩሪ ትራይስማን የተባሉ መምህር፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸው ጥሩ የነበሩ ጥቁር ተማሪዎች በካልኩለስ ትምህርት የሚወድቁበትን ምክንያት ለማወቅ ተነሡ። ብዙ ሰዎች ምክንያቱ የፍላጎት ማነስ፣ የዝግጅት ጉድለት ወይም የወላጅ ድጋፍ ማጣት ነው ብለው ይገምቱ ነበር። ትራይስማን ግን በግምት አልረኩም፤ 20 ጥቁር ተማሪዎችንና 20 የቻይና ተወላጅ ተማሪዎችን ቀርበው ተከታተሉ። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ተግተው ያጠኑ ነበር፤ የሚያጠኑት ግን አብዛኞቹ ለብቻቸው ነበር። የቻይና ተወላጆቹ በአንጻሩ ለብቻቸው ከሠሩ በኋላ ይሰበሰባሉ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ያርማል፤ ያልተረዱትን ይጠያየቃሉ። ለብቻው ያጠና የነበረው ተማሪ ሲሳሳት የተሳሳተው እርሱ ብቻ ይመስለው ነበር።

ትራይስማን መፍትሔ አድርገው ያቀረቡት ቀላል ትምህርት አልነበረም። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ከተለመደው ይልቅ ከበድ ያሉ ጥያቄዎችን እንዲሠሩ አደረጉ። በዚህ የቡድን ሥራ የተሳተፉ ጥቁር ተማሪዎች ውጤት በግልጽ ተሻሻለ፤ ትምህርቱን የሚያቋርጡትም ቁጥር ቀነሰ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ መደገፍ ማለት ደረጃን ዝቅ ማድረግ ማለት አይደለም። ሸክሙ እንዳለ ሆኖ የተሸካሚው ቁጥር ጨመረ እንጂ ሸክሙ አልቀለለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረታችን ይህንኑ ያስረዳል።

አሁን ወደ ሸዋ በሯ ልጅ እንመለስ። አንድ አስተዋይ መምህር ተሰጥኦዋን ተመልክቶ እንድትፈተን አደረጋት፤ ተመረጠችም እንበል። የምትሄድበት ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ቢሆን፣ ከሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በዚያ እንደ ገባች የመጀመሪያውን ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ታመጣለች። ከእርሷ የተሻሉ ብዙ ተማሪዎችን ስታይ፣ በስሕተት የተመረጠች ይመስላታል። የምትናገረውን አማርኛ ቅላጼ ሰምተው የሚስቁ ይኖራሉ። በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን ትምህርት ለመከታተል ጊዜ ያስፈልጋታል። በዓል ሲደርስ የመሳፈሪያ ገንዘብ የላትም። ጉልቱ ላይ ብቻዋን የቀረችውን እናቷን ታስባለች። እናቷም በስልክ ድምፅዋ ከፍቶባት፣ «ልጄ፣ ካልሆነልሽ ተይውና ነይ» ትላታለች። ይህ የፍቅር ቃል ነው፤ ነገር ግን ልጅቷን ሊመልሳት ይችላል። ብትመለስ ሰው ሁሉ «አልቻለችም» ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ መረጧት እንጂ አላቆዩአትም።

ታዲያ ምን ሊደረግ ይገባል? አንደኛ፣ ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት የመላመጃ ጊዜ አድርጎ፣ የቋንቋና የጥናት ዘዴ ድጋፍ ሊሰጣት ይገባል። ሁለተኛ፣ ስሟንና የመጣችበትን ስፍራ የሚያውቅ፣ ስትወድቅ ምክንያቱን የሚጠይቃት አንድ መምህር ያስፈልጋታል። ሦስተኛ፣ እንደ እርሷ ከሩቅ መጥቶ የጸና የበላይ ክፍል ተማሪ ቢመክራት፣ የደረሰባት ነገር በእርሷ ብቻ እንዳልደረሰ ትረዳለች። አራተኛ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ከጥናት ቡድን ጋር ልትገናኝ ይገባል። አምስተኛ፣ እናቷ ስለ ትምህርቱ በሚገባት ቋንቋ ሊነገራትና እንደ ባለቤት ልትቆጠር ይገባል፤ ያን ጊዜ «ነይ» የሚለው ቃል «በርቺ» በሚለው ይተካል።

የሐረር ሕዝብ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። ሐረሪዎች አፎቻ በሚባለው ማኅበራቸው በሠርግም በሐዘንም ይረዳዳሉ፤ ሌላውም ነዋሪ እድር አለው። ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይቀመጥ ሥርዓት ያበጀ ኅብረተሰብ፣ ከቤቱ ርቆ የሚማር ልጅ ብቻውን እንዳይቀር ሥርዓት ማበጀት አያቅተውም። የመሳፈሪያ ገንዘብ ማዋጣት፣ በዕረፍት ጊዜ የመጣውን ተማሪ ለታናናሾቹ እንዲናገር መጋበዝ፣ እናቲቱን በገበያ ቀን ማገዝ፣ ይህ ሁሉ ከትምህርት ሥራ የሚቆጠር ነው።

«ተሰጥኦ ያለው ልጅ በራሱ ይወጣዋል፤ ድጋፍ የሚያስፈልገው ለደካማው ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ለደካማው ድጋፍ ማስፈለጉ እውነት ነው። ሆኖም የአንዱ ድጋፍ የሌላውን አያስቀርም። ጥሩ ዘርም ቢሆን ውኃ ካላገኘ ይደርቃል፤ ሲደርቅም ዘሩ መጥፎ ነበር ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

በር ሰውን ያስገባል፤ በር ግን ቤት አይደለም። ከበሩ ያለፈ መንገደኛ ማረፊያ ካላገኘ በመጣበት ይመለሳል። እናንተም ይህን ምንባብ የምታነቡ ተማሪዎች፣ ምናልባት ከመካከላችሁ አንዱ ነገ ይመረጥ ይሆናል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ዝቅተኛ ውጤት ችሎታችሁን እንደማይወስን አስታውሱ፤ ለብቻችሁም አትጠኑ። ምናልባት ደግሞ የተመረጠው በአጠገባችሁ የተቀመጠው ልጅ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ እርሱን ማቆየት በከፊል የእናንተ ሥራ ነው።

መልመጃ

ሀ. ቀጥለው የቀረቡትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. በምንባቡ መሠረት ደረጃ ከተማሪው አእምሮ ሌላ ምን ምን ነገሮችን ይለካል?
2. በብሮዋርድ የትምህርት ወረዳ የተመራጭ ጥቁር ተማሪዎች ቁጥር የጨመረው ለምን ነበር? የቀነሰውስ?
3. የትራይስማን ጥናት «መደገፍ ደረጃን ዝቅ ማድረግ አይደለም» የሚለውን ሐሳብ እንዴት ያስረዳል?
4. «መረጧት እንጂ አላቆዩአትም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በራሳችሁ አባባል አብራሩ።

ለ. የሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍቺ ካስተዋላችሁ በኋላ በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው፦ ወንፊት፣ ባይተዋር፣ ቅላጼ፣ ፍርደ ገምድልነት፣ ተጫጫነ።

ሐ. በአካባቢያችሁ አንድ ብርቱ ተማሪ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ ቤተሰብ፣ ትምህርት ቤትና ጎረቤት ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ የሚገልጽ፣ አራት አንቀጽ ያለው አስረጂ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ችግሩን፣ በሁለተኛው መንስኤውን፣ በሦስተኛው መፍትሔውን፣ በአራተኛው ማጠቃለያውን አስፍሩ።